የሚስተር ሎጋን የእሑድ ሕግ

ምሳሌ ሁሉ የትውልድ መንደሩን ቢጠይቁት አይናገርም። አንዱን ግን በአንድ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ወደብ የኖሩ ሐበሾች «ሲወለድ እዚያው ነበርን» ይላሉ።

ሚስተር ሎጋን ከስኮትላንድ ወደዚያ ወደብ ሲመጣ ይዞ የወረደው አንድ ሣጥን የሱፍ ጨርቅ ብቻ ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ ትልቅ መጋዘንም፣ በቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት ወንበርም አገኘ። ሆዱን የሚቆርጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፔሬራ የሚባል፣ ከሕንድ አገር ከጎዋ የመጣ ነጋዴ እሑድ እሑድ ዕቃውን ያራግፍና ሰኞ ጠዋት ገበያውን ቀድሞ ይይዛል። የሎጋን አገር ሰዎች ደግሞ ሰንበት አጥባቂ ናቸው፤ በእነሱ ዘንድ እሑድ እንኳን ዕቃ ማውረድ ማፏጨትም ነውር ነው።

እናም ቅናቱን የሰንበት ካባ አልብሶ ምክር ቤት ይዞት ገባ፦ እሑድ በወደቡ ውኃ ላይ ምንም ጀልባ አይንቀሳቀስ። አንድ አረጋዊ አባል ለታመመ ሰው እንኳ ቀዳዳ ይተውለት ብለው ለመኑ።

«ቀዳዳ ከተተወማ ፔሬራም ታመምኩ ብሎ ይገባበታል» አለ ሎጋን። ምክር ቤቱ ሳቀ፤ ሕጉም ጸደቀ። በወሩ አንድ ዓሣ አጥማጅ ምጥ የያዛትን ሚስቱን እሑድ በጀልባ ሲያሻግር ተያዘ። ያሳሰረው ሎጋን ነበር።

በዓመቱ ሎጋን እናቱን አስመጣ። ከተለያዩ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። መርከቧ የደረሰችው እሑድ ማለዳ ነው፤ መልሕቅ እንደጣለች ብርቱ ሕመምተኛ መያዟን በባንዲራ አስታወቀች። የጭነት መርከብ ናትና ከእናቱ በቀር ሌላ መንገደኛ እንደሌላት ሎጋን ያውቃል። እየሮጠ ወደ ወደቡ በር ወረደ። በረኛው አያ ደምለው የሚባሉ ያገራችን ሰው ነበሩ፤ ቁልፉን ዘረጉለት። ፔሬራም ጀልባውን አዘጋጅቶ ቆሟል።

«ይግቡ፣ እኔ ራሴ እቀዝፋለሁ» አለው። «እናት እኮ ናት።»

ሎጋን ቁልፉን አየ፤ የተሰበሰበውን ሰው አየ፤ ከሰዎቹ መካከል ያን ዓሣ አጥማጅ አየ።

«ሕግ ነው» አለ በቀጭን ድምፅ። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መርከቧን ሲያይ ዋለ። አንጀት ይበላ ነበር፤ ዓሣ አጥማጁ ሳይቀር አዘነለት።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ በፔሬራ ጀልባ ሄደ፤ ሲመለስ የእናቱን አስከሬን ይዞ ነበር። አሮጊቷ እስከ መጨረሻው «ልጄ ምነው ቀረ?» ሲሉ እንደነበር መርከበኞቹ ነግረውታል። አያ ደምለው በሩን ወለል አድርገው ከፍተው አሳለፉትና፣ ወደ ፔሬራ ዞር ብለው «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው» አሉት።