ከድንጋዩ ጋር የገቡት

ወይዘሮ አጸደ ልጇ ናሁሠናይ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ሲመጣ ጠባዩ ተለውጦ አገኘችው። ጸጉሩን አሳድጓል፣ እስከ ረፋድ ይተኛል፣ የማታውቀውን ዘፈን ያንጎራጉራል። በጮኸችበት ቁጥር «እሺ እማዬ» ይላል። ነገሩ ቢከብዳት መምህር ልሳነወርቅ ዘንድ ሄደች።

«የኔታ፣ ትምህርቱን አስጥዬ ከጎኔ ላስቀምጠው ነው። ያላሳደግሁበትን ዐመል ተሸክሞ መጣብኝ። ደግነቱ መልሶ አይናገረኝም፤ የቀረልኝ ደግ ነገር ያ ብቻ ነው። ልክ ነኝ ወይ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

የኔታ ተቀመጪ አሏትና እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

አንድ ነጋዴ ነበረ፣ በወደብ ከተማ የሚኖር። እናቱ እግሯ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች። ሰውዬው እናቱን የሚወድ ነውና ከአልጋዋ ፊት ለፊት ትልቅ የመስታወት ገንዳ አቆመላት። የባሕር ውሃ ሞላበት፣ ከባሕር ድንጋይ አስወጥቶ ደረደረበት፣ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች ለቀቀበት። አሮጊቷ እነሱን ስታይ ውላ እነሱን ስታይ ታመሻለች። ከታመመች ወዲህ መጀመሪያ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው።

ሊጠይቃት የሚመጣው ሰው ደግሞ መቼም የእኛ ሰው ነው፤ ሰው ቤት ሄዶ እንኳ ማጉረስ ይወዳል። «እግዜር ይማርሽ» ካለ በኋላ ከዓሦቹ ምግብ ቆንጠር አድርጎ፣ «በሞቴ ይችን ብቻ» እያለ ይበትንላቸዋል። ቀጥሎ የመጣውም እንዲሁ። የዓሣ ሆድ ስንት ይችላል? የተረፈው ታች ወርዶ ይተኛል።

አንድ ቀን ነጋዴው መስታወቱን ሊወለውል ጎንበስ ቢል፣ ከድንጋዩ ስር ጠጉራም ትል ብቅ ብሎ ተመለሰ። ደነገጠ። ትኩር ብሎ ሲያይማ ቁንጫ የሚያካክሉ ነገሮች አሸዋው ላይ ይፈናጠራሉ። አንዱንም እሱ አላስገባም። ለካ በድንጋዩ ቀዳዳ ተሸሽገው የገቡ ናቸው። በዚያው ሰሞን አንደኛው ዓሣ ጎኑ ቆስሎ ምግብ እምቢ አለ፤ አሮጊቷም አብራው እህል ተወች።

«ውሃ አፍሉልኝ» አለ ነጋዴው። «ድንጋዩን ሁሉ ቀቅዬ አንድ ነፍስ አላስቀርም።» ከአንዱ ድንጋይ አናት ላይ የበቀለች፣ ቀጫጭን ቅጠሏን የምታወዛውዝ አበባ መሳይ ነገር ነበረች። ደስ ትለው ነበርና እሷን ብቻ ሊያተርፍ አሰበ።

ውሃው ሲንተከተክ እናቱ ጠራችው። «ልጄ፣ ዓሣዬን ያቆሰለው የትኛው ነው?» አለችው። አላወቀም።

«ሳታውቅ ነው የምትቀቅለው?»

አፈረ። ድስቱን አውርዶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ነበር፤ ቢሆንም ተቀመጠ። ገንዳውን በጋቢ ሸፍኖ በጥጉ ሲያጮልቅ፣ ትሎቹ የጨለመ መስሏቸው ወጡ። የሚበሉት የበሰበሰውን የጉርሻ ትራፊ ነው። ቁንጫ መሳዮቹም እንደዚያው። እነሱ ባይኖሩ ውሃው ሸትቶ ዓሦቹ ድሮ አልቀው ነበር። የበዙትም ትራፊው ስለበዛላቸው ነው። ጋቢውን ሲገልጥ ደግሞ ዓሣው በአበባይቱ አጠገብ ሲያልፍ አየ። ነካ አደረገችው፤ ዓሣው ተወርውሮ ሸሸ። ተናዳፊዋ ለካ ያች ቆንጆ ናት።

በንዴት እጁን ሰዶ ነጨቃት። ቁርጥራጯ በየድንጋዩ ተጣብቆ ሰንበትበት ሲል፣ በአንዷ ፈንታ ብዙ ሆና በቀለች። ቁጣ እንደማያዋጣ የገባው ያኔ ነው። ሎሚ ጨምቆ በመርፌ ሳበና፣ በዝግታ፣ ሳያስደነግጣት፣ በቅጠሎቿ መሐል ባለው የእያንዳንዷ አፍ ላይ ጠብ አደረገ። ሟሙተው ጠፉ። ጠያቂዎቹንም ከእንግዲህ ዓሦቹን አታጉርሱብኝ አላቸው፤ ቅር ያለው ቅር አለው። ትሎቹ ቀነሱ እንጂ አልጠፉም፤ እሱም ተዋቸው። ዓሣው ምግብ ቀመሰ። አሮጊቷም ያን ቀን ሾርባዋን ጨረሰች።

የኔታ እዚህ ላይ ወደ ወይዘሮ አጸደ ዞሩ።

«ልጅሽም ከሄደበት ብዙ ነገር ይዞ ገብቷል። ጸጉሩ ማንን ነከሰ? እንቅልፉስ? ዘፈኑስ? እነዚህ ትሎቹ ናቸው፤ ለዓይን አያምሩም እንጂ ቤት አያፈርሱም። ድስትሽን አውርጂና ትምህርቱን ይማር። እኔን የሚያስፈራኝ አንቺ የወደድሽለት ነው።»

«የቱ፣ የኔታ?»

«‹እሺ እማዬ› የሚለው። ያደገ ልጅ ለሁሉም ነገር እሺ ካለ፣ የልቡን መናገር ትቷል ማለት ነው። የምትናደፈው አበባ እሷ ናት፤ በጮኽሽ ቁጥርም ትበዛለች። ቀስ ብለሽ ጠይቂው። መልሱ ቢመርሽም ስሚው።»

ወይዘሮ አጸደ አንገቷን ደፋች። «እሺ፣ የኔታ» አለች።

«አየሽ፣ አንቺም እሺ አልሽኝ» አሉ ፈገግ ብለው። «አሁን የልብሽን ንገሪኝ።»

«ትቶኝ እንዳይሄድ ፈርቼ ነው» አለች።

«ይህንኑ ለእሱ ንገሪው» አሉ የኔታ።