አፈ ቅቤው ነብር

ተረት ተረት፤ የፍየል በረት።

አንድ ጊዜ እንስሳት ተሰብስበው የጥንት ንጉሥ ታሪክ በቴአትር አሳዩ። ነብር ንጉሡን የሚከዳውን ደጃዝማች ሆኖ ሲናገር፣ ከአፉ ማር ጠብ ይል ነበር። ከተመልካቹ መሃል አንዲት እናት ፍየል ክፉነቱን እያወቀች፣ "ወይ አንደበት!" ብላ አፏን ከፍታ ቀረች።

"ልጆቻችሁን ወዲህ ላኩልኝ፤ አበላቸዋለሁ!" አለ ነብሩ።

ሁሉም አጨበጨበ። እናትም ግልገሏን "ሂጂ እንጂ፣ የኔ ዓለም" ብላ ወደ መድረኩ ገፋ አደረገቻት።

ነብሩ ጭብጨባው ሞቅ ቢያደርገው ደገመው፤ "እበላቸዋለሁ!"

"እማዬ፣ አሁን እኮ 'እበላቸዋለሁ' ነው ያለው" አለች ግልገሏ።

እናት ክው አለች። ልጇን ከፊት አስቀድማ እስከ ቤቷ ሮጠች። ከዚያ የግልገሏን ጆሮ እየላሰች፣ "ተመስገን! ይቺን ጆሮ የሰጠሽ ይመስገን!" አለች።

ከወዲያ ማዶ ጭብጨባው ገና ይሰማ ነበር።

ተረቴን መልሱ፤ ለልጄም ዳቦ ቁረሱ።