የማትበላው ድመት

አንድ ሚስቱ የሞተችበት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጋሽ ይመኑ ይባላል። እስከ አርባዋ ድረስ ቤቱ በለቅሶ ደራሽ ተሞልቶ ሰነበተ። ከዚያ በኋላ ያው እንደምታውቁት ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ ጉዳዩ ተመለሰ። ሲመሽ የሚያናግረው ጠፋ። ቤት ውስጥ የቀሩት እሱና ሚስቱ አስካለ ያሳደገቻት ድመት ብቻ ሆኑ።

አንድ ቀን ድመቷ መብላት አቆመች። ጋሽ ይመኑ ደነገጠ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ኧረ እንዲያውም ልቡ ሞቀ። «አያችሁልኝ፣ እንስሳ እንኳ ለአስካለ አዘነች» እያለ ለጎረቤት አወራ። ሰውም ሐዘንተኛዋን ድመት ለማየት እንደገና ደጁን ረገጠ። ብቻውን የከረመ ሰው ነውና ይህን አልጠላውም። ድመቷ ግን ከሳች፤ ጸጉሯም ደበዘዘ።

በዚህ መሃል የአስካለ ታናሽ እህት ዘርፌ ከሩቅ አገር መጣች። መርዶው የደረሳት ዘግይቶ ነበር። ጋሽ ይመኑ ምሳ አቀረበላትና ገና ከመቀመጧ ስለ ድመቷ ሐዘን ይተርክላት ጀመር። ዘርፌ ግን ድመቷን ታያለች። ድመቷ ወደ ሳህኗ ትሄዳለች፣ ሥጋውን ታሸታለች፣ አንዴ ላስ ታደርግና አንገቷን ነቅንቃ ትመለሳለች። ከአፏ ለሃጭ ይንጠባጠባል።

«ጋሼ፣ ያዘነ ሰው ምግብ አያሰኘውም» አለች ዘርፌ። «ይቺ ግን አሰኝቷት ነው ያቃታት። ለመሆኑ አፏን አይተኸዋል?»

«አፏን አይቼ ምን ላደርግ? ሐዘን ነው አልኩሽ እኮ» አለ ቆጣ ብሎ።

ዘርፌ ተነሣች። ድመቷን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄደች፤ እሱም እያጉረመረመ ተከተላት። ሐኪሙ አፏን ከፍቶ ሲያይ አንድ ጥርሷ በስብሶ ድዷ አባብጧል። ጥርሱን ነቀለላት። «ድመት ሳትበላ ስትቆይ ጉበቷ ይጎዳል። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አትተርፍም ነበር» አላቸው።

በማግስቱ ድመቷ የላመ ሥጋ ሲሰጧት ሳህኑ እስኪጠራ ላሰችው። ጋሽ ይመኑ ደስ ሊለው ሲገባ አለቀሰ።

«እንዲህ ከሆነ ለአስካለ ያዘንኩት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው» አለ።

ቀና ብሎ ዘርፌን ሲያያት፣ ፊት ለፊቷ ያለው ምሳ እንዳለ ነው። የትናንቱም ሳይነካ ነበር የተነሣው፤ እሱ ልብ አላለውም እንጂ። ዘርፌ እህቷን ለመቅበር እንኳ ያልደረሰች ናት። ከገባች ጀምሮ ግን ስለ ድመቷ አወራላት እንጂ አንቺስ እንዴት ነሽ አላላትም።

ትሪውን ወደ እሷ አስጠጋና በለቅሶው ሰሞን ጎረቤት ለእሱ ሲለው የሰነበተውን ቃል አላት። «እስቲ እህል ቅመሺ።»

«ብቻዬን አይወርድልኝም ጋሼ» አለች።

አብሯት ተቀመጠ። ስለ አስካለ እያወሩ፣ መሃል ላይም እያለቀሱ በሉ።

ወዳጆቼ፣ ብቸኝነት ሲጠናብን የራሳችንን ሐዘን በሌላው ላይ እናያለን። የታመመውን አዝኖ ነው፣ ያዘነውን ደግሞ ደህና ነው ብለን እናልፋለን። የሚወዱትን፣ ሰውም ይሁን እንስሳ፣ ቀርቦ ምን ነካህ ማለት ያስፈልጋል። እስቲ ዛሬ በቤታችሁ ሳይነካ የተነሣው ሳህን የማን ነበር?