ቀይ አፈር የተቀባ ደረት

ተረቴ መጥታለች፤ ጠጋ ጠጋ በሉላት።

ከአንድ ገደል አፋፍ ላይ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የሚኖር ጭላዳ ዝንጀሮ ነበረ። በወጣትነቱ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ይታይ ነበር። ዕድሜው ሲገፋ ግን ቅላቱ እየደበዘዘ ሄደ። ይህን ያየ ጎረምሳ መጥቶ ቤተሰቤን ይወስድብኛል ብሎ ሰጋ። ስለዚህ በየማለዳው ሌሎቹ ሳይነሱ ገደሉን ይወርድና ደረቱን ቀይ አፈር ቀብቶ ይመለሳል። አቀበቱን ሲወጣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ሌሎቹ ሳር ሲነጩ እሱ ቁጭ ብሎ ያንቀላፋል።

አንድ ቀን ሚስቱ አጠገቡ ሆና የትንሿን ልጃቸውን ጸጉር ስታጸዳ ቆየችና፣

«ነገም ትወርዳለህ?» አለችው።

«የት?» አለ ደንገጥ ብሎ።

«አፈሩ ጋ። ልጆቹን ባቀፍካቸው ቁጥር ጸጉራቸው ይቀላል። እሱን ስለቅም ነው የምውለው።»

ደረቱን በእጁ ሸፈነ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ትተወዋለህ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን እኔም ደከመኝ።»

«ጎረምሳው ቢመጣስ?»

«ቢመጣ በየትኛው ጉልበትህ ልትገጥመው ነው?»



በማግስቱ እንደ ልማዱ ማልዶ ነቃ። ገደሉን ቁልቁል አየና ጉልበቱን አሻሸ። አልወረደም። ፀሐይ የደበዘዘ ደረቱን እስክታሞቀው ተቀምጦ ጠበቀ። ከዚያ ከሚስቱ ጎን ሆኖ ጤዛው ገና ያልረገፈ ሳር ይነጭ ጀመር። ከስንት ጊዜ በኋላ ጠግቦ በላ።

ተረቴም ደክሟት እዚህ ላይ ተቀመጠች።