አህያዋና ረጅሙ መጫኛ

ተረት ተረት ብዬ መጣሁ፤ የላም በረቱን እናንተ ክፈቱልኝ።

ለመንደሩ ውሃ የምታመላልስ አንዲት ፈሪ አህያ ነበረች። አንድ ሰሞን ውሃውን የጠጣ ሁሉ፣ ሰውም ጥጃም፣ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። አህያዋ ወንዙን ሽቅብ ተከትላ ብትሄድ፣ ስስታሙ ጅብ አሞራ እንዳይሻማው ብሎ የሞተ በሬ ውሃው ውስጥ ደብቆ አገኘችው።

«አያ ጅቦ፣ እዚያው ሆነው ይስሙኝ» አለች ከማዶ እየተንቀጠቀጠች፤ «የደበቁት በሬ መንደሩን አሳመመው።»

«ለካ ልጆቼንም ያስታወካቸው እሱ ነው!» አለ ጅብ። «ግን ብቻዬን አላወጣውም፣ እመት አህያ።»

አህያዋ እንስራው የታሰረበትን መጫኛ ፈትታ ወረወረችለት፤ ረጅም በመሆኑም እግዜርን አመሰገነች። እሱ አስሮ ገፋ፣ እሷ ጎተተች፤ በሬው ወጣ።

ውሃው ጠራ፤ የመንደሩም ሆድ ዳነ። አህያ ከዚህ ማዶ፣ ጅብ ከዚያ ማዶ፣ አንዱ ከሌላው ላይ ዓይኑን ሳይነቅል አብረው ጠጡ።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅር፣ አፌን በዚያ ውሃ አብሱልኝ።