ትልቁ ለትንሿ የሚያስረክብበት ቦታ

አንድ ስፒከር ሠሪ ነበረ። ደምሴ፣ «ልጄ ጨርቅ ልቁረጥ እያለች ነው፤ መቀሱን ልስጣት ወይስ ገና ናት?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ ነው የእሱን ነገር የማነሣልህ። ስለ ልብስ ስፌት የማውቀው ነገር የለም። ስፒከር ግን ፊዚክስ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ፈታትቼ ገጥሜአለሁ።

ሰውዬው ሣጥኑን ከጣውላ ራሱ እየሠራ፣ በእያንዳንዱ ሣጥን ሁለት ድምፅ ማጉያ ይገጥም ነበር። ትልቁ ወፍራሙን ድምፅ ያወጣል፤ ትንሿ፣ ትዊተር የሚሏት፣ ቀጭኑን። በመካከላቸው ክሮስኦቨር የሚባል ዕቃ አለ። ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ ትልቁ ለትንሿ የሚያስረክበው በዚህ ዕቃ ነው። የት ላይ ያስረክብ የሚለውን የሚመርጠው ግን ሠሪው ነው፤ የሙያው ጭንቅም እሱ ነው።

ይህ ሰው ለትንሿ ይሳሳላት ነበር። ከዚያ በፊት አንዷ እጁ ላይ ተቃጥላበት ሽታው ከአፍንጫው አልወጣ ብሎታል። ስለዚህ የሰፈሩ እድር ለአዳራሹ ስፒከር ሲያዘው ማስረከቢያውን ወደ ላይ ሰቀለው፤ ድምፁ በጣም ከቀጠነ በኋላ፣ አምስት ሺህ ሄርዝ ላይ። ሸክሙን ትልቁ ይቻለው፣ ትንሿ አርፋ ትቀመጥ ብሎ ፈረደ። ከስፒከሩ ፊት ለፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያዳምጠው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

አዳራሹ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ትልቅ ድምፅ ማጉያ ቀጭን ድምፅ አውጣ ሲባል እንደ እጅ ባትሪ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚወረውረው። መካከል የተቀመጡት ሁሉን ሰሙ። ግድግዳውን ይዘው ለተደረደሩት እናቶች የደረሳቸው ጉምጉምታ ነው። በዚያ ስብሰባ የእድሩ ዳኛ የአንዲት አባል ቀብር በማግስቱ ስድስት ሰዓት መሆኑን ተናገሩ። የሟቿ የልብ ጓደኛ ጥግ ላይ ነበሩ፤ ሰዓቱን አልያዙትም፣ ሰው መጠየቅም አፈሩ። እንደ ወትሮው ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል ብለው ሲሄዱ መቃብሩ ተደፍኖ፣ ሰዉ ተበትኖ ደረሱ።

ወሬው ሠሪው ጆሮ ደረሰ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እሱም የእድሩ አባል ነው፤ የእሱን ሰው የሚቀብሩለት እነዚሁ ሴቶች ናቸው። ዳኛውም «እስከሚመጣው ስብሰባ ካላስተካከልከው ከሱቅ እንገዛለን፤ አትቀየመን» አሉት።

በንዴት ማስረከቢያውን ወደ ታች አወረደው፤ አንድ ሺህ ላይ። አሁን ደግሞ ትንሿ የማትችለውን ተሸከመች። ገና ለሙከራ ጮክ ብሎ ሲናገርባት ተንጣጣች፤ ቶሎ ባይነቅላት ያቺም አብቅቶላት ነበር።

ያን ጊዜ ነው ከወንበሩ የተነሣው። ስፒከሮቹን ተሸክሞ አዳራሹ ሄደ፤ እኒያንም ሴት ከቤታቸው ለምኖ አመጣቸው።

«እማማ፣ የዚያን ዕለት የነበሩበት ቦታ ይቀመጡልኝ። ፉጨት አሰማዎታለሁ፤ ሲሸሽብዎት እጅዎን ያንሡ።»

«አሁንማ ምን ያደርጋል ልጄ፤ እሷ እንደሆነች ሄዳለች» አሉት። ግን ተቀመጡለት።

እሱም አጠገባቸው ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። መጀመሪያ ትልቁን ብቻውን አሰማቸው፤ ፉጨቱን ቀስ በቀስ እያቀጠነ። ሦስት ሺህ ሳይደርስ እጃቸው ተነሣ። ደጋግሞ ሞከረ፤ እጃቸው እዚያው አካባቢ ይነሣል። እሱ ራሱም ከዚያ ጥግ ሆኖ ሲሰማው ድምፁ ሲሸሽ ታወቀው። ቀጥሎ ትንሿን ብቻዋን ከላይ ወደ ታች አወረዳት። ሁለት ሺህ ድረስ ምንም ሳትንጣጣ ወረደች። ገረመው፤ ይህን ያህል ትችላለች ብሎ አስቦ አያውቅም።

ማስረከቢያውን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ላይ አደረገው። እዚያ ላይ ትልቁ ገና አልደከመም፣ ትንሿም አትጨነቅም። ደግሞም አንዱ ድንገት ዝም ብሎ ሌላዋ አትጀምርም፤ በመሻገሪያው ላይ ጥቂት አብረው ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ዳኛው እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሴትዮዋ ከጥግ ሆነው «ኧረ አይጩሁብን፣ እየሰማን ነው!» ቢሉ አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

እንግዲህ ደምሴ፣ ትልቁ አንተ ነህ። ሱፍ ኮትና ሱሪ ስትቆርጥ የሚደርስብህ የለም። የልጃገረዶችን ቀሚስ ግን ታግለህ ነው የምታወጣው፤ የልጅ ልጄ ያንተን ቀሚስ አንድ ቀን ለብሳ ሣጥን ውስጥ ከትታዋለች፣ ይሉኝታ ይዟት አልነገረችህም። አንተማ ከሱቅህ መስተዋት ፊት ቆመህ ታያለህ፣ ያምርሃል። ልጅህን የከለከልካት ንቀሃት አይደለም፤ ጨርቅ አበላሽታ እንዳታለቅስብህ ሳስተህላት ነው። ይገባኛል። ብትናደድና ሱቁን እንዳለ ብትጥልባት ደግሞ ትሰብራታለህ። ቀሚሱን ስጣት። ኮቱን ያዝ። ሸሚዙን ለጊዜው አብራችሁ ቁረጡ። መቼ ነው ላልከኝ፣ እጅህ ሲንቀጠቀጥ እንዳይመስልህ፤ ገና ደህና ሳለህ፣ አጠገቧ መቆም ስትችል ነው።