የይመኙሻል ጭስ

ዱሮ ነው። ዱሮ ስላችሁ የዱሮ ዱሮ፤ ይህ ጥላው ሥር የተቀመጥንበት ሾላ ገና በአንድ እጅ የሚጨበጥ ችግኝ በነበረበት ዘመን። እኔ አላየሁም። አባቴም አላየም። የሰማነውን ነው የምንናገረው። ሰው ደግሞ ለማይረባ ነገር ይህን ያህል ዘመን አፉን አያደክምም።

በዚያ ዘመን እዚህ ቆላው ላይ ወንዝ የከበባት አንዲት መንደር ነበረች። በመንደሯ ይመኙሻል የምትባል ሴት ነበረች። ባለጸጋ አልነበረችም። የሹም ልጅ አልነበረችም። ልጅ ሳለች ክፉ በሽታ ያዛትና እግሮቿ ሰለሉ። ከዚያ ወዲህ በእግሯ ቆማ አታውቅም። ከመቀመጫዋ ሥር ወፍራም ቁርበት ታስራለች፤ በሁለት መዳፏ መሬቱን ትገፋለች፤ እንዲያ እያለች ትሄዳለች። ክንዶቿ የእንጨት ፈላጭ ክንድ ያክሉ ነበር ይባላል። ምላሷም ከክንዷ አያንስም ነበር።

ይመኙሻል ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። እናትየዋ ሞተች። ሰደቃው ወጣ፣ ለቀስተኛው ተበተነ፣ ቤቱ ጭር አለ። ያን ጊዜ ታላቅ ወንድሟ ይማም ከወንዙ ማዶ አህያ እየነዳ መጣ።

«በይ ተነሺ፤ እኔ ቤት ትሄጃለሽ» አላት።

«አልሄድም» አለች።

ይማም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። እህቱን ይወዳታል። «እህቱን ጣላት» መባልንም ይፈራል። እሷ ግን አንድ ክረምት እሱ ዘንድ ከርማ አይታዋለች። ጥግ ላይ ጥሩ አጎዛ አንጥፈው አስቀመጧት። እህል ይመጣላታል፣ ውሃ ይመጣላታል፤ ምን እንደሚሻላት የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ ይጥሉባታል።

«አያ ይማም» አለችው፤ «ቤትህ ሳለሁ ምንም አልጎደለብኝም። የጎደልኩት እኔ ነኝ። ተወኝ፣ በገዛ ምድጃዬ ልኑር።»

ነገሩ የመንደሩ ሽማግሌ አባ ሙሄ ፊት ቀረበ። የወንፈሉንም ተራ የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ። አባ ሙሄ ግራ ቀኙን ሰሙና ፈረዱ። ማሽላው እስኪታጨድ ድረስ በየጠዋቱ ከይመኙሻል ቤት ጭስ ከወጣ ቤቱ የይመኙሻል ነው፤ ይማም ዳግመኛ አያነሳባትም። አንድ ጠዋት ጭስ ከታጣ ግን እህቱን ይወስዳል፣ ቤቱን ይዘጋል፣ ማሳዋን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ሁለቱም «ይሁን» አሉ። የይማም ቤት ኮረብታ ላይ ስለሆነ ጣሪያዋ ወለል ብሎ ይታየዋል። እሱም በየጠዋቱ ወጥቶ ማየት ጀመረ።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ከደግነት ነው። የመንደሩ ሴቶች «ምስኪን፣ ብቻዋን ቀረች» አሉና በየተራ ማብላት ያዙ። አንዷ ንፍሮ ታመጣለች። አንዷ ቂጣ ታመጣለች። ጎረቤቷ እትዬ ተዋቡ ደግሞ በየማለዳው ገንፎ ይዛ ከተፍ ትላለች። የበሰለ ባለበት ቤት ማን እሳት ይቆሰቁሳል? የይመኙሻል ምድጃ እየቀዘቀዘ መጣ። እንጨቱ ቆጥ ላይ ነው፣ አትደርስበትም። ውሃው ረጅም እንስራ ውስጥ ነው፣ አትደርስበትም። እናቷ ሳለች የምታወርድላት እናቷ ነበረች።

አንድ ጠዋት ፍሙ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት አገኘችው። ከግርግዳው ጭራሮ እየመዘዘች፣ እፍ እያለች፣ በስንት መከራ አነደደችው። ጭሱ ሲወጣ ፀሐይዋ ኮረብታውን አልፋ ነበር። ይማም አህያውን ፈትቶ ወንዙ ዳር ደርሶ ነበር አሉ። ጭሱን አየና ተመለሰ።

ወዲያው እትዬ ተዋቡ ገንፎዋን ይዛ ገባች።

«እትዬ ተዋቡ» አለች ይመኙሻል፤ «ይህ ገንፎሽ ከቤቴ ሊያስወጣኝ ነው።»

«ምነው፣ እጄ ቆሸሸብሽ?» አለች ተዋቡ። ገንፎዋን ይዛ በመጣችበት ተመለሰች። ተቆጣች፣ ተንጎራደደች፣ ለሰው ሁሉ ተናገረች። ግን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? ቁጣዋ ሲበርድ ተመልሳ መጣች።

«እሺ፣ ገንፎው ካልሆነ ምኑ ነው?»

«እንስራውን እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ቅበሩልኝ። ውሃ ስትወርዱ የኔንም ቅዱልኝ። እንጨቱን አሳጥራችሁ ምድጃው አጠገብ ደርድሩልኝ። የቀረውን ለኔ ተዉት።»

እንስራውን ቀበሩት። እንጨቱን ደረደሩት። ይመኙሻል መሬት ላይ እንደተቀመጠች በቅል እየቀዳች የገዛ ገንፎዋን አገነፋች። የተቀበረው እንስራ ውሃም ከሁሉ ቤት ውሃ ይልቅ ቀዝቃዛ ሆነ። ተዋቡ ቀናችና የራሷንም ቀበረች ይባላል። በማግስቱም ከይመኙሻል ቤት ጭስ ወጣ።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ከደቦ ነው። ክረምት ገባ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ጎርፍ በር ድረስ መጣ። ወንዶቹ ተመካከሩ። «ገበያ ስትሄድ ቤቷን አድሰን እንጠብቃት፤ ስትመለስ ደስ ይበላት» ተባባሉ። ይመኙሻል ጥጥ እየፈተለች ትሸጥ ነበርና፣ በገበያ ቀን እሳቷን አንድዳ አህያ ላይ ወጣች። ተዋቡ አህያውን እየነዳች አብራት ሄደች። ወንዶቹ ዶማና ማጭድ ይዘው ግር ብለው መጡ።

እንዴት አድርገው እንደሠሩ ልንገራችሁ። ክዳኑን ለወጡ፤ ያማረ ሥራ ነው። ግርግዳውን ለሰኑ፤ ይህም ያማረ ነው። ከዚያ ጎርፍ እንዳይገባ ብለው የበሩን ደፍ በድንጋይ እስከ ጉልበት ከፍ አደረጉት። መኝታዋን ቅዝቃዜ እንዳይነካት ብለው ከፍ አደረጉት። መቀርቀሪያውን ሌባ እንዳይደርስበት ብለው ከፍ አደረጉት። «ደግሞ እንስራ የሚቀብር ምን ዓይነት ሰው ነው?» እያሉ ሳቁና እንስራውንም አወጡት።

ይመኙሻል ተመለሰች። ሴቶች እልል አሉ። ከአህያው አወረዷት፣ «በይ ግቢ» አሏት። ደፉን አየች። መዳፏን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ተንጠለጠለች። ዝናብ ነክቶት ነበርና አዳለጣትና ወደ ኋላ ወደቀች። ደግማ ሞከረች፣ ደግማ ወደቀች። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አልቅሳ የማታውቅ ሴት፣ በሰው ሁሉ ፊት አለቀሰች።

ወንዶቹ ከፋቸው። «ቀኑን ሙሉ ስንለፋ ውለን፣ ምስጋናው ቢቀር ለቅሶ?» አለ አንዱ። ሌላው «ወንድሟ እውነቱን ነው፤ ብቻዋን መኖር አትችልም» አለ። አያችሁ፣ ደፉን ራሳቸው ከፍ አድርገው ሲያበቁ አትችልም አሏት።

ተዋቡ ግን ተነሳች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ዶማ አነሳች፣ አዲሱን ደፍ መናድ ጀመረች። «ኧረ ተይ!» አሏት። አልተወችም። አባ ሙሄ ወደ ወንዶቹ ዞሩና «ልጆቼ፣ ይህን ቤት ለማን ነበር የሠራነው?» ብለው ጠየቁ። አንድ በአንድ መጡና ከተዋቡ ጋር ናዱ።

ይመኙሻል ፊቷን ጠረገች። ጎርፉን በደፍ ሳይሆን ከቤቱ ጀርባ ቦይ ቆፍረው እንዲመልሱት ነገረቻቸው። መኝታው ዝቅ አለ፣ መቀርቀሪያው ዝቅ አለ፣ እንስራው ተመልሶ ተቀበረ። በማግስቱም ከይመኙሻል ቤት ጭስ ወጣ።

ሦስተኛው ፈተና የመጣው ከሰማይ ነው። ግን በወንፈል ይጀምራል፤ ስለዚህ ከወንፈሉ ልነሳ። ወንፈል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዛሬ እኔ ማሳህ ላይ እውላለሁ፣ ነገ አንተ ማሳዬ ላይ ትውላለህ። ጉልበት በጉልበት ነው። መንደሩ የይመኙሻልን ማሽላ አረመላት። ታርሞ ሲያልቅ እየተሳበች አባ ሙሄ ዘንድ ሄደች።

«የኔ ተራ መቼ ነው?» አለች።

ሰዎቹ ሳቁ። አባ ሙሄ «ልጄ፣ ላንቺ ይቅር ተብሏል» አሏት።

«ይቅር በሉኝ መቼ አልኩ? ማሽላው ፍሬ ይዟል። ወፍ ጥበቃ ማማ ላይ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ አይደለም? መቀመጥስ ከእናንተ ማን ይበልጠኛል?»

አሁንም ሳቁ፤ አሁን ግን በእሷ ሳይሆን ከእሷ ጋር ነው የሳቁት። አባ ሙሄ ተራ አወጡላት። ማሳዎቹ ሁሉ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ከግንድ የተሠራ ከፍ ያለ ማማ ነበር። «ተሸክመን እናውጣሽ?» አሏት። «ገመድ ብቻ እሰሩልኝ» አለች። በክንዷ ገመዱን ይዛ ተንጠልጥላ ወጣች። ሌላው ጠባቂ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ፍለጋ ይወርዳል። እሷ አትወርድም። ወንጭፏን ታስወነጭፋለች፣ ጅራፏን ታጮሃለች። ሰው ሁሉ «ዘንድሮስ ወፍ ማሳዬን ረሳው» እያለ ይገረም ጀመር። በየጠዋቱ እሳቷን አንድዳ ትወጣለች፤ በየጠዋቱ ይማም ጭሱን ያያል።

አጨዳው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ይመኙሻል ፍሟን ልትቆሰቁስ እጇን ዘረጋች። ከወንዙ በኩል በረዶ የሚወርድ የሚመስል ድምፅ ሰማች። አንገቷን በበሩ ብታወጣ ሰማዩ ጠቁሯል። የግሪሳ ወፍ መንጋ ነው። ግሪሳ ደግሞ አንዴ ካረፈ አረፈ ነው፤ መንጋው ሰፍሮ የተነሳበት ማሳ አገዳ እንጂ እህል አይተርፈውም። ሰው ገና ከቤቱ አልወጣም።

እንጨቱ እጇ ላይ ነበር። እሳት ለማንደድ የሚፈጀውን ጊዜ ታውቀዋለች። እሳቱን ብታነድ ቤቷ ይተርፋል፣ የመንደሩ እህል ያልቃል። ብትተወው እህሉ ይተርፍ ይሆናል፣ ቤቷ ግን ይሄዳል። እንጨቱን ጣለችው። መዳፎቿ እስኪደሙ መሬቱን እየገፋች ሄደች፣ ገመዱን ይዛ ወጣች፣ ጅራፏን አጮኸች።

«ግሪሳ! ኧረ ግሪሳ! ውጡ!»

መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቆርቆሮ የለም በዚያ ዘመን፤ ቅል እየመቱ፣ ከበሮ እየመቱ፣ አፈር እየበተኑ ሮጡ። እሷ ከላይ ሆና መንጋው የሚያጋድልበትን ትነግራቸዋለች፤ እነሱ ወደዚያ ይሮጣሉ።

ይማም ማዶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ጭስ አላየም። ጠበቀ፤ አላየም። አህያውን ፈታ። ወንዙን ተሻገረ። ቤቷ ቢገባ ማንም የለም፣ አመዱ ቀዝቅዟል፣ እንጨቱ መሬት ላይ ወድቋል። «እህቴን! አንድ ነገር አገኛት!» ብሎ እየጮኸ ወጣ። ጅራፍ ሲጮህ ሰማና ድምፁን ተከትሎ ሮጠ። ማማው ሥር ደረሰና ቀና ብሎ አያት። በሕይወቱ እህቱን ቀና ብሎ ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነው።

«አያ ይማም፣ ምን ቆመህ ታየኛለህ? ድንጋይ አንሳ እንጂ!» አለችው።

አነሳ። ከሰው ጋር ሲሮጥ፣ ሲወረውር፣ ሲጮህ ዋለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንጋው ተነስቶ ሄደ። ዳር ዳሩ ተበልቷል፤ መሃሉ ተርፏል። ይመኙሻል በገመዱ ወረደች። ሰው ሁሉ ደክሞት ማማው ሥር ቆመ። ያን ጊዜ በይመኙሻል ደጅ የቆመው የይማም አህያ ለሁሉም ታያቸው፤ ሁሉም የጭሱን ነገር አስታወሰ።

አባ ሙሄ ለመናገር ተቸገሩ። «ዛሬ ጠዋት ጭስ… » አሉና አቆሙ።

«አልወጣም» አለች ይመኙሻል።

«የኛን እህል ልታድን ብላ ነው!» ብላ ጮኸች ተዋቡ።

«ቢሆንም አልወጣም። ይሁን ብያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም።»

ይማም ወደ እሷ መጣ። አንስቶ አህያው ላይ ሊጭናት ነው ብለው ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ይማም አላነሳትም። እፊቷ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ዓይኑ ከዓይኗ እኩል ሆነ። የደሙትን መዳፎቿን አየ፤ አልነካቸውም።

«እህቴ» አለ፤ «የቱን ልያዝልሽ?»

ይመኙሻልን እንባዋ ቀደማት።

«እንጨት አልቋል» አለች ኋላ። «አሳጥረህ ፍለጥልኝ። እሳቱን እኔ አነዳዋለሁ።»

ይማም ፈለጠ። እሷ አነደደች። ያን ዕለት ጭሱ በማታ ወጣ፤ መንደሩ በሙሉ ደጅ ቆሞ አየው። ስለ ጭስ ከዚያ ወዲያ ያነሳ የለም።

ይመኙሻል እስክታረጅ በዚያ ቤት ኖረች፣ ከዚያው ቤት ወጥታ ተቀበረች። ወንፈሏም አንድም ዓመት አልተቋረጠም። የኛ አገር ሰው ታዲያ የታመመ ሊረዳ ሲሄድ፣ አራስ ሊጠይቅ ሲሄድ፣ ዓይነ ስውር ወይም አካሉ የደከመ ሰው ቤት ሲገባ፣ ዕቃ ከመንካቱ በፊት መጀመሪያ ቁጭ ይላል። ቁጭ ብሎ «የቱን ልያዝ?» ይላል። የማያውቀን እንግዳ «እነዚህ ሰነፎች፣ ለሥራ መጥተው ይቀመጣሉ» ብሎ ያማናል። ይማን። ሳይጠይቅ ዘሎ የሚረዳውን ሰው ደግሞ እኛ «ሳትቀመጥ አትያዝ» እንለዋለን።

እንግዲህ አፌ ሥራውን ጨርሷል፤ የቀረው የናንተ ጆሮ ሥራ ነው። መሸ፣ ወደ ቤቴ ልነሳ… ኧረ ቀስ! ክንዴን ማነው የሚጎትተው? አሁን ምን ስነግራችሁ ነበር የዋልኩት? ተቀመጡና ጠይቁኝ። በትሬን ብቻ አቀብሉኝ፤ መነሳቱን እኔ እነሳለሁ።